በባዶ ሆድ የተዋጠ ክኒን

የምጠብቃት አሮጊት ሰባት ክፍል ያለው የመድኃኒት ሣጥን አላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምሞላው እኔ ነኝ፦ የግፊቷን፣ የስኳሯን፣ የልቧን። ክኒን የምሰጣት ቁርሷን ከበላች በኋላ ነው። አልበላም ስትል አባብላለሁ፣ እንቁላሉን በማንኪያ አድቅቄ አጎርሳታለሁ፣ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ካላየሁ ፊቴን አላዞርም። በዚህ አረብ አገር ስድስት ዓመት ስቀመጥ አንድም ቀን በባዶ ሆዷ ክኒን አልሰጠኋትም። ይህን የምለው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። የሰው እናት እንዲህ ስጠብቅ፣ የራሴ እናት ምን እንደምትውጥ ሳላውቅ ከረምኩ ለማለት ነው።

እናቴ ያለችው ስማዳ ገጠር ነው። ከወገዳ ከተማ በእግር አራት ሰዓት ያስኬዳል፤ ክረምት ሲገባ ጭቃውና ወንዙ ስድስት ያደርጉታል። የምታናግረኝ በወንድሜ ሚስት ስልክ ነው። ኔትዎርኩም ቤት ውስጥ አይገባም፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጎተራው አጠገብ አንድ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ይሰማል። ዝናብ ከሆነ እናቴ ጆንያ ተከናንባ ትቀመጣለች።

ነገሩ የጀመረው በነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን ነው። እናቴ የስንዴውን አረም ልታርም ወርዳ እሾህ ወጋት። በመርፌ ፈልፍላ አወጣችውና ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ቀላ። ወንድሜ በበቅሎ ጭኖ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ለቁስሉ አንቲባዮቲክ፣ ለሕመሙ ነጭ ፓራሲታሞል ተሰጣት። እኔ የሰማሁት በማግሥቱ ስደውል ነው።

«እማ፣ እግርሽ እንዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሾህ ናት። አንቺስ? ጾሙን ያዝሽው?»

«ይዣለሁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! በአረብ ቤት ለሰው የሥጋ ወጥ እየሠራሽ! እዚህ ላለው ሁሉ ነው የምነግረው። "የኔ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም" እላለሁ።»

ደስ አለኝ። መመስገን ደስ ይላል፤ ከእናት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«መድኃኒቱን እንዴት ውሰጂ አሉሽ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው እንጂ! ሐኪሙ "እማማ፣ ይህኛው በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው" አለኝ። ስንት መድኃኒት አይቻለሁ፣ ጾም የሚያውቅ መድኃኒት ያየሁት ገና ዛሬ ነው።»

«በምን ትውጪዋለሽ ታዲያ?»

«በጠበል ነዋ። ጠበል ጾም አያስገድፍም።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ያንን ሳቄን አስታውሼዋለሁ። «ሌላ የምትውጪው ነገር አለ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ለአሮጊቷ ሐኪም በየወሩ የምዘረዝረው እኔ ነኝ፤ ይህን ትወስዳለች፣ ያንን ትወስዳለች፣ ይህ ቆመ፣ ያ ተጨመረ እላለሁ። ለእናቴ ግን አንድ ጥያቄ ጎደለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ የወንድሜ ሚስት ራሷ ደወለች። እሷ ከደወለች ነገር አለ።

«እታለም፣ አትደንግጪ።»

«ምን ሆነች?»

«የእግራቸው እብጠትስ እየጎደለ ነው። ሆዳቸው ነው። ሲነጋ ሆዳቸውን ይዘው ይጎነበሳሉ፣ ላብ ያጠምቃቸዋል። "ጨጓራዬ ነው፣ ልማዴ ነው" ይላሉ። እኔ ደግሞ የክኒኑ ብዛት አልጣመኝም።»

«የምን ክኒን ብዛት?»

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ነጩን ፓራሲታሞል እናቴ «ይህማ ውሃ ነው» ብላ ከነወረቀቱ ትታዋለች። ስታቃስት ያየ ወንድሜ ከገበያ ሌላ የሕመም ክኒን ገዝቶ አምጥቶላታል። ይህም አላስታገሠላትም። በመጨረሻ ሙዳይዋን ከፍታ የኔን አወጣች።

የኔን። ዐምና አንዲት ሴት ወደ አገር ስትገባ፣ ለእናቴ ጉልበት ብዬ አንድ ብልቃጥ ሙሉ የሕመም ክኒን ልኬ ነበር። እዚህ አገር ክኒኑ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። «ጉልበትሽን ሲያምሽ፣ ከምግብ በኋላ፣ አንድ» ብዬ በስልክ ነግሬያት ነበር። እናቴ ግን እንደ ክኒን አላየችውም፤ በሙዳይ ውስጥ፣ ከደብረ ዘቢጥ ደብር ካመጣችው የእምነት አፈር ጋር አስቀመጠችው። የጎረቤት ራስ ሲያም አንድ ታድላለች፣ የክርስትና ልጅዋ ወገብ ሲይዛት ሁለት ትሰጣለች፤ «ከልጄ የመጣ ነው» እያለች።

«ከጠበሉ ጋር ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚውጡት» አለችኝ የወንድሜ ሚስት። «የጤና ጣቢያውን፣ የገበያውንም፣ ያንቺንም። "በባዶ ሆድ ተብዬአለሁ" ይላሉ።»

«የተጻፈበትን አንብቢልኝ።»

«ኧረ እታለም፣ እኔ ስምንተኛ ላይ ያቋረጥኩ! እንግሊዝኛውማ…»

«ፊደሉን ብቻ ጥሪልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«እሺ። ያንቺ ብልቃጥ… አይ። ቢ። ዩ። ከዚያ ይቺ ሆዷን ወደ ላይ የሰቀለችው።»

«ፒ ናት?»

«እሷ ናት! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ስንት ደቂቃ ፈጠጥኩባት።»

የገበያውን ደግሞ ጠራችልኝ፤ ዲ፣ አይ፣ ሲ፣ ኤል፣ ኦ። የጤና ጣቢያውንም ከነወረቀቱ። በአሮጊቷ የገበያ ዝርዝር ጀርባ ላይ ጻፍኩና፣ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት ነጠላዬን ደርቤ መንገዱን ተሻግሬ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩ።

የመድኃኒት ቤቷ ሴት ታውቀኛለች፤ የአሮጊቷን መድኃኒት የምገዛው ከእሷ ነው። የኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤ ሽንኩርትና ሳሙና እንጂ የሰው ሆድ ዕቃ አይገልጽም። ግን ወረቀቱን አየችና ገባት። እርሳስ አንሥታ አንቲባዮቲኩን አከበበች።

«ይህ ደኅና ነው። በባዶ ሆድ የተባለው እውነት ነው፤ ግን እሱ ብቻ ነው። ሳትጨርስ እንዳታቋርጠው።»

ሁለቱን የሕመም ክኒኖች ደግሞ አንድ ላይ አከበበቻቸው። «እነዚህ እኅትማማቾች ናቸው። ከአንቲባዮቲኩ ጋር አይጣሉም፤ ከሆዷ ጋር ነው የሚጣሉት። አንዱም ቢሆን ከምግብ በኋላ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ በፍጹም። ጨጓራ አለባት?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«እንግዲያው አንዳቸውንም አትንካ። ፓራሲታሞል ይበቃታል። በመካከሉ ስድስት ሰዓት እያሳለፈች ትውሰድ፤ አላስታገሠኝም ብላ እንዳትደርብ። የጉንፋን መድኃኒትም ከወሰደች እዚያ ውስጥ ያው ፓራሲታሞል ሊኖር ይችላል፣ ታስብበት።» ከዚያ እርሳሱን አስቀምጣ አየችኝ። «ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሳት፣ ጨጓራዋ እየደማ ነው፤ ያኔ ጊዜ የለም፣ ሆስፒታል ውሰጃት።»

ውሰጃት አለችኝ። እኔን።

ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜ ደወልኩ። የወንድሜ ሚስት እናቴን ደግፋ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠቻት። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቀስ ብዬ፣ ለአሮጊቷ እንደማስረዳት። የኔን ክኒን ተይው፣ የገበያውንም ተይው፣ ነጩን ውሰጂ፣ ጠዋት ጠዋት ቁራሽ ነገር ብይ አልኳት።

«ያንቺ ክኒን ይጎዳኛል?» አለችኝ፤ እንደ ተቀየመ ሰው።

«የኔ ስለሆነ አይደለም እማ። ክኒኑ ነው።»

«ደግሞ ምን ብይ አልሽ? ፍልሰታ እኮ ነው። ሕፃናቱ እንኳ ሳይበሉ ከቤተ ክርስቲያን ቆመው እየዋሉ።»

«ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝም። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«እሱ ለሚሞት ነው። እኔን እሾህ ነው የወጋኝ። ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ፣ እኔ በአንዲት እሾህ ጾም ልሻር?»

ሌላ መንገድ ፈለግሁ። «የንስሐ አባትሽን አስጠይቂ። እሳቸው ከፈቀዱልሽስ?»

«አባማ ለሱባኤ ገዳም ወርደዋል። እስከ ፍቺው አይመለሱም።»

«ሌላ ቄስ ጠይቂ።»

«የሌላ አባት ቃል ለኔ ነፍስ አይሆንም።» ድምፅዋ ለሰለሰ። «ደግሞስ ልጄ፣ አንቺ በአረብ ቤት እየጾምሽ፣ እኔ በማርያም ደጅ ተቀምጬ ልብላ? በምን ፊቴ ነው አንቺን የማናግርሽ?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። የሐኪሙ ቃል አይደለም መንገዱን የዘጋው፤ ገዳም የወረዱት የንስሐ አባትም አይደሉም። የኔ ጾም ነው። ስንት ዓመት በስልክ «ይዣለሁ» እያልኩ ስመሰገን፣ ያችን ምስጋና ስጠብቅ፣ በእሷና በቁራሽ እንጀራ መካከል የቆምኩት እኔው ነኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «በላሁ» ብላት ከየት ታውቃለች? ግን በጾም፣ ያውም በእመቤታችን ጾም፣ ለእናት መዋሸት አልሆነልኝም። ስለዚህ በማግሥቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሮጊቷን አብልቼ፣ ክኒኗን አስውጬ፣ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አማተብኩ። ከአሮጊቷ የተረፈውን ዳቦ ቆርጬ ጎረስኩ። አልወርድ አለኝ፤ በውሃ አወረድኩት። እንደገና ቆረስኩ፤ አንድ ጉርሻ ለማስመሰል ነው እንዳልባል። ማን እንደሚለኝ እንጃ። ከዚያ ደወልኩ።

«እማ፣ ዛሬ በልቻለሁ።»

ጆንያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሰማኛል።

«ምን በላሽ?»

«ዳቦ።»

«ጥሉላት አለበት?»

«የለበትም፤ ወተትም ቅቤም አልነካሁም። ሰዓቱን ነው የሻርኩት።»

«አሞሽ ነው?»

«አላመመኝም። አንቺ እንድትበይ ነው የበላሁት። በይ እንግዲህ፤ ከዛሬ ጀምሮ በአረብ ቤት የሚጾም ልጅ የለሽም። አሁን ብይ።»

ብዙ ቆየች። ሰው ተስፋ ሲያደርግ ዝምታውን እንኳ በበጎ ይተረጉመዋል። አሸነፍኩ ብዬ ነበር።

«አይዞሽ ልጄ» አለችኝ። እንዲያ ባለ ርኅራኄ ያናገረችኝ ከአገር የወጣሁ ዕለት ነበር። «አይዞሽ፣ አይክበድሽ። የጎደለሽን እኔ እሞላልሻለሁ። እስከ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ነበር የምቆየው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን ጨምሬ እስከ አሥራ አንድ እቆያለሁ።»

«እማ! እማ አይደለም፣ ስሚኝ…»

መስመሩ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። ያቺ የቴሌዋ ሴት ስልኩ ዝግ መሆኑን በትሕትና ነገረችኝ። ደመናው ሲበዛ የፀሐይ መብራቱ ስልክ አይሞላም። ያን ቀን ሙሉ፣ በማግሥቱም ሙሉ፣ ያችን ሴት ስሰማ ዋልኩ። የወንድሜን ስልክ ሞከርኩ፤ እሱም ዝግ ነው። በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለሚኖር ዘመዳችን ደወልኩ። «እኔስ ምን ላድርግ እህቴ፣ መኪናም ሰውም ወደዚያ አይሄድም፣ መንገዱን ታውቂው የለ» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሮጊቷ በማግሥቱ ጠዋት አፏን ግጥም አድርጋ እንቁላሉን እምቢ አለችኝ።

«ብይ!» ብዬ ጮህኩባት፤ በአማርኛ።

ደነገጠችና አፏን ከፈተች። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። አጉርሻት እጇን ስስም ምን እንደሆንኩ አልገባትም፤ ራሴን ዳበስ አደረገችኝ። ጾሜን ቀጥዬ ነበር፣ ወይስ ትቼው? እስካሁን አላውቀውም። የምበላበት ልብ አልነበረኝም እንጂ እየጾምኩም አልነበረም። ለእመቤታችን ጸሎቴም አንዲት ቃል ብቻ ሆነች፦ አብያት፣ አብያት፣ አብያት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከወገዳ ደወለ። ሐኪም ቤቱ ያለው እዚያ ነው።

«ደኅና ናት፤ መጀመሪያ ደኅና ናት ልበልሽ» አለ። «አስመልሷት ነው። የቡና አተላ የመሰለ።»

በመድኃኒት ቤቷ ሴት አፍ የሰማሁት ቃል ከወንድሜ አፍ ሲወጣ፣ ግድግዳውን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

የመንደሩ ወንዶች ጎሕ ሲቀድ በቃሬዛ ተሸክመው አወጧት። አራት አራት እየሆኑ ተቀባበሉ። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ከዳር ሆነው እስኪጎድል ጠበቁ፤ ዝናብ እንዳያገኛት ቆርበት ዘርግተው ያዙላት። «ሁሉም ጾመኛ ነው» አለኝ ወንድሜ፤ «አንዱም እህል አልቀመሰም፤ እንዲያው ሮጡ ብልሽ ይቀለኛል።» ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግሉኮስ ተከሉላት። ሐኪሙ ምን ምን እንደምትወስድ ሲጠይቃት የነጠላዋን ጫፍ ፈታች፤ ከቋጠሮው ሦስት ዓይነት ክኒን ወጣ። ሐኪሙ አንቲባዮቲኩን ለይቶ መለሰላት። ሁለቱን በመዳፉ ይዞ «እማማ፣ እነዚህ አንድ ናቸው። ሆድዎን የፈጁት እነሱ ናቸው» አላት።

«እሷስ ምን አለች?»

«"ይቺ የልጄ ናት፣ መልስ" አለችው።»

ደሙ ከደገማት ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ትሄዳለች ተብሏል። እስኪመሽ ጠበቅሁ። ማዕድ አቀረብኩ፣ ዕቃ አጠብኩ፣ ልብስ ተኮስኩ፤ ስልኩ በወገቤ ነው። ደሙ አልደገማትም። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ዕውቀት፣ የኔ ጥንቃቄ፣ የበላሁት ዳቦ፣ አንዱም ወገዳ አልደረሰም። የደረሱት የተሸከሟት ናቸው።

በማግሥቱ በስልክ አገናኙኝ።

«እማ፣ በላሽ?»

«አልበላሁም» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኗል፣ ግን ትስቃለች። «እነዚህ ልጆች በአፌ እንቢ ብላቸው በክንዴ አስገደፉኝ። በደም ሥር የገባ የኔ ኃጢአት አይደለም፤ የእነሱ ነው።»

በዚያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የገብስ አጥሚት ጠጣች። ለሆዷም መድኃኒት ሰጧት። አንቲባዮቲኩን ጨረሰች፤ እግሯ ደረቀ። በጾሙ ፍቺ በበቅሎ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የንስሐ አባቷም ከገዳም መጥተው እንደ ሰሙ ተቆጥተዋታል፤ «ሐኪም ያለሽን መስማትም መታዘዝ ነው» ብለዋታል። እሺ አባ ብላለች። እሺ ማለት አይከብዳትም።

አገግማለች ባሉኝ ጊዜ፣ አንድ ቀን ልቤን አጥብቄ ነገርኳት። «እማ፣ የጎዳሽ እኮ እኔ የላኩት ክኒን ነው። እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ» አለችኝ። «ከልጅ እጅ ክፉ አይወጣም። የጎዳኝ የገበያው ነው።»

«ሁለቱም አንድ ናቸው እማ። ሐኪሙም ነግሮሻል።»

«ሐኪሙ ያንቺን እጅ የት ያውቀዋል?»

የወንድሜን ሚስት ለብቻዋ አገኘኋትና ብልቃጡን ሽንት ቤት እንድትጥለው ለመንኳት።

«የገበያውን እሳት ውስጥ ከተነዋል» አለችኝ። «ያንቺን ግን፣ እታለም፣ እንዴት አድርጌ? ሙዳያቸውን ከራስጌያቸው አስቀምጠው ነው የሚተኙት። "ባልውጠውም ከዓይኔ አይራቅ" ብለዋል።»

አሁን መስከረም አልፏል። በደወልኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀድሜ «በልተሻል?» እላለሁ፤ «በልቻለሁ» ትለኛለች። «ክኒን ወስደሻል?» እላለሁ፤ «ኧረ የምን ክኒን» ትላለች። ከጎተራው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የምትለውን ከማመን በቀር እኔ ምን አለኝ? ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል። በዚያ ወር የስማዳ ውርጭ ይጠናል፤ ጉልበቷን የሚያማትም ያኔ ነው። ሙዳይዋ ከራስጌዋ ናት።